የማይሰማ እጅ ሲያቃጥል

ስለ ሥጋ ደዌ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። በሽታው ያደነዝዛል። እሳት ቢነካህ አይሰማህም፤ እሾህ ቢወጋህ አታውቅም። እውነት ነው። ችግሩ ብዙ ሰው እዚያው ላይ ያቆማል። "አይሰማቸውም" ይልና ሳያስበው "አያማቸውም" ላይ ይደርሳል።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ዘነበወርቅ ነው። እኛ ሰፈር ሥጋ ደዌ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ አልነበረም። የጎረቤት ጉዳይ ነበር። ጣት የሌለው እጅ ዳቦ ሲቆርስ፣ ጥጥ ሲፈትል፣ ልጅ ሲያዝል እያየን ነው ያደግነው። እኔን ያሳደገችኝ አክስቴም ታማ የዳነች ናት። ቢያንስ ካርዷ ላይ የሚለው እንደዚያ ነው።

የሰፈሩ ስም የመጣው ከሆስፒታሉ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም፣ ጣሊያን ከመግባቱ በፊት የተሠራ የሥጋ ደዌ ሕክምና ቦታ ነበር። ያኔ ከከተማ ውጭ ነው፤ ሆን ተብሎ። በ1958 ዓ.ም. አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል እዚያው ላይ ተመሠረተ፤ ከመላው አፍሪካ የጤና ባለሙያዎች ስለ ሥጋ ደዌ ሊማሩ ይመጡበት ጀመር። የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋምም በ1970 እ.ኤ.አ. አጠገቡ ተከፈተ። ከተማው እየሰፋ እየሰፋ መጥቶ ሁሉንም ዋጠው። ዛሬ ታክሲ ረዳቶች "አለርት! ዘነበወርቅ!" እያሉ ሲጣሩ፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ልብ የሚለው ተሳፋሪ ጥቂት ነው።

አክስቴ የጎጃም ሰው ናት። ጀርባዋ ላይ ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ምልክት ሲወጣባት ገና ልጃገረድ ነበረች። መጀመሪያ ጠበል ገባች። ዘመድ እየሸሻት ሲሄድ፣ እሷን መሰል ከሆኑ ሰዎች ጋር ወደ አዲስ አበባ መጣች። በዚያን ጊዜ በብዛት የሚሰጠው መድኃኒት ዳፕሶን ነበር፤ ለዓመታት የሚዋጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ሦስት መድኃኒት አንድ ላይ እንዲሰጥ የመከረው በ1981 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሪፋምፒሲን፣ ዳፕሶንና ክሎፋዚሚን። እሱ ሲመጣላት እሱንም ወስዳ ጨረሰች። ቆዳዋ ጠቆረ፤ ክሎፋዚሚን ያጠቁራል። ኋላ ላይ መለስ አለላት። "ድነሻል" ተባለች። ባክቴሪያውን በተመለከተ ልክ ናቸው፤ ድናለች።

ማታ ማታ ግን እግሯ ይቃጠላል።

ልጅ ሆኜ አንድ አልጋ ላይ ነበር የምንተኛው። ሌሊት ብርድ ልብሱን ከእግሯ ላይ በክርኗ ገፋ ታደርገዋለች። ሐምሌ ላይ ሳይቀር፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ። ከዚያ ተነሥታ አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጥና ሁለቱን እግሮቿን ሲሚንቶው ላይ ታሳርፋቸዋለች። ውስጥ እግሯ ሲሚንቶው መቀዝቀዙን አይለይም። እሷ ግን "ቀለል ይለኛል" ትላለች። የጋቢው ጫፍ ባቷን ታከክ ካደረጋት እንደ ሳማ ይለበልባታል። ያው እግር ሚስማር ቢወጋው አያውቅም። አንድ ጊዜ ጫማዋ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ስትሄድበት ውላ፣ ማታ ካልሲው ላይ ደሙን ያየሁት እኔ ነኝ።

ጣቶቿም እንደዚያው ናቸው። ቡና ስታፈላ ጀበናውን ያለ ጨርቅ ታነሣዋለች። ሽታው የሚደርሰው ለእኛ ነው። "እጅሽ! እጅሽ!" ስንላት ቀስ ብላ ታስቀምጠዋለች። በማግስቱ ውኃ ይቋጥራል። እሳቱ ያልተሰማት ሴት፣ እሳት በሌለበት ሌሊት ስትቃጠል ታድራለች። ልጅ እያለሁ ይሄ አይገባኝም ነበር። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንደማይገባቸው ኋላ ላይ አወቅሁ።

ነገሩን ለመረዳት ባክቴሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። የኖርዌዩ ሐኪም ጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን በ1873 እ.ኤ.አ. በርገን ከተማ ውስጥ ነው ያገኘው። ሲበዛ ቀርፋፋ ነው። አንዱ ሁለት ለመሆን ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ሰው ከተያዘ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ አምስት ዓመት፣ አንዳንዴም ሃያ ዓመት የሚሄደው። "ከማን ያዘኝ?" ብሎ መፈላለግ ከንቱ የሚሆነውም፣ "በዘር ይወርዳል" የሚለው ወሬ የተመቸውም ለዚህ ይመስለኛል። ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ለቆዳ ቀረብ ብለው የሚያልፉ ነርቮችን ይመርጣል። ክርን ላይ፣ አንጓ ላይ፣ ከጉልበት ጎን፣ ከቁርጭምጭሚት በውስጥ በኩል፣ ፊት ላይ።

ክርናችሁን ጠርዝ ሲመታችሁ እስከ ትንሿ ጣት ድረስ የሚነዝር ነገር አለ አይደል? እሱ አልናር የሚባለው ነርቭ ነው። ሥጋ ደዌ አጥብቆ ከሚይዛቸው አንዱ ነው። የአክስቴ ክርን ላይ በጣት ሲዳሰስ እንደ ገመድ ወፍሮ ይገኛል።

ነርቭ ውስጡ መልእክት የሚያደርስ ክር፣ ውጭው ሽፋን ያለው የመብራት ሽቦ በሉት። ባክቴሪያው የሚመሽገው ሽፋኑን በሚሠሩት ሕዋሳት ውስጥ ነው። ሽዋን ይባላሉ። ጉዳቱን የሚያከፋው ግን እሱ ብቻውን አይደለም። የራስ ሰውነት መከላከያ ሲነቃና ሊያጠፋው ሲዘምት ነርቩ ያብጣል። ክርንና ቁርጭምጭሚት ላይ ደግሞ ነርቩ የሚያልፍበት መንገድ ጠባብ ነው። ማበጫ ቦታ የለውም፤ ይታነቃል። መጀመሪያ የሚሞቱት ቀጫጭኖቹ ክሮች ናቸው። ሙቀትና ቅዝቃዜን የሚለዩት፣ የቃጠሎን ሕመም የሚያደርሱት። ሳይሞቱ ተጎድተው የቀሩት ግን ዝም አይሉም። ማንም ሳይነካቸው መልእክት ይልካሉ። ጀርባ አጥንት ውስጥ ያለው ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ደግሞ የመጣላቸውን ያምናሉ፤ እየቆየም ያጎሉታል። ሽፋኑ የተላጠ ሽቦ አምፖሉን አያበራም፤ ብልጭታው ግን አያባራም።

እና ድንዛዜውና ቃጠሎው አይጣሉም። የአንድ ጉዳት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ስኳር በሽታ ያለባቸው ሰዎችም ይህን ያውቁታል፤ እግራቸው ደንዝዞ ሌሊት ይለበልባቸዋል። የስኳር ሕመምተኛ "እግሬ ያቃጥለኛል" ሲል ግን ሐኪሙ ያምነዋል።

ስለ ድንዛዜው ዓለምን ያስተማረው እንግሊዛዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ፖል ብራንድ ነው። ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደቡብ ሕንድ፣ ቬሎር ውስጥ ሠርቷል። ከእሱ በፊት ጣት የሚያጥረው በሽታው ሥጋውን እየበላው ነው ተብሎ ይታመን ነበር። ብራንድ ታካሚዎቹን ተከታትሎ፣ አብዛኛው ጉዳት ሕመም ባለመሰማቱ የሚመጣ መሆኑን አሳየ። ቃጠሎ ነው፣ ስንጥር ነው፣ የጠበበ ጫማ ነው። ሌሊት ተኝተው ጠዋት ጣታቸው ተጎድቶ የሚነሡ ነበሩ። ሲጠበቁ ለካ አይጥ ነው የሚነክሳቸው። መፍትሔው ድመት ሆነ። ኋላ አሜሪካ ሄዶ ሉዊዚያና ውስጥ ካርቪል በሚባለው ሆስፒታል ሲሠራ፣ ከባልደረቦቹ ጋር ሰው ሠራሽ ሕመም ለመሥራት ሞከሩ። ጓንትና ጫማ ውስጥ ግፊት የሚለካ መሣሪያ አስገብተው፣ አደጋ ሲመጣ በድምፅ፣ ያ ሳይሠራ ሲቀር በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያስጠነቅቅ። አልተሳካም። ሰዎቹ ሥራቸውን መጨረስ ሲፈልጉ መሣሪያውን ያጠፉታል።

ይህን ታሪክ እወደዋለሁ። የሰው ልጅ ባሕርይ ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። ግን አንድ ጣጣ ትቶ አልፏል። "ሕመም ስጦታ ነው፤ ሥጋ ደዌ ይህን ስጦታ ይነጥቃል" የሚለው ሐሳብ እጅግ ስለገነነ፣ የሥጋ ደዌ ታካሚ የሚባለው በደፈናው ሕመም የማያውቅ ሰው ሆነ። አክስቴ አጠገብ ቁጭ ብላችሁ ሕመም ስጦታ ነው ብትሏት መልሷ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። "በል እንግዲያው ውሰድልኝ!"

ለረጅም ጊዜ ሕመሟን ለማንም አልተናገረችም። ለእኔም በግልጽ አልነገረችኝም፤ አብሬያት ስለተኛሁ ነው የማውቀው። ምክንያቱን ትልቅ ሆኜ ጠየቅኋት።

"ምን ብዬ ልናገር? ያቃጥለኛል ብል፣ ተመልሶባታል ይሉኛል።"

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። እኛ ሀገር ሥጋ ደዌ ያለበት ሰው ሸክሙ በሽታው ብቻ አይደለም። ላሊበላ የሚባሉት፣ ንጋት ላይ በየደጁ እየዘፈኑ የሚለምኑት ሰዎች፣ ዜማውን ካቆሙ ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ይፈራሉ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። በዝምታ ላይ የሚወርድ ቅጣት ተደርጎ የተሳለ በሽታ ነው እንግዲህ። ስድቡንማ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እዚህ አልጽፈውም። እንዲህ ባለ አገር "ዳንኩ" የሚለው ቃል ትልቅ ሀብት ነው። በእሱ ቤት ይከራዩበታል፣ እቁብ ይገቡበታል፣ ልጅ ይድሩበታል። አክስቴ ያንን ሀብቷን ለአንድ ሌሊት ቃጠሎ ስትል አደጋ ላይ አትጥልም። ራሷም ብትሆን እርግጠኛ አልነበረችም። ቃጠሎው ሲብስባት ወደ ገብረ ክርስቶስ ትሄዳለች። ሰውነቱ ቆስሎ በአባቱ ደጅ እንደ ለማኝ የኖረው ጻድቅ፣ የሥጋ ደዌ ታካሚዎች የሚማጸኑት እሱ ነው። ጥቅምት 14 ከደጁ አትቀርም። "አደራህን፣ እንዳትመልስብኝ" ትለው ነበር።

ቃጠሎው ባክቴሪያው ተመለሰ ማለት እንዳልሆነ የሚነግራት አላገኘችም። ጠባሳ ነው። በቆዳ ላይ ሳይሆን በነርቭ ላይ የቀረ ጠባሳ።

አንድ ጊዜ አግባብቼ አንድ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ስሙን ተዉት። ተረኛው ካርዷን ገለጠና "እማማ፣ እርስዎ እኮ ሕክምናዎን ጨርሰዋል" አላት።

"አዎ ልጄ፣ ጨርሻለሁ።"

"ታዲያ ምን ሆኑ?"

"እግሬን ያቃጥለኛል።"

እግሯን አየ። በግማሽ ያጠሩ ጣቶች፣ ተረከዟ ላይ የዳነ ቁስል። በእስክሪብቶው ጫፍ ጣቷን ነካ አደረገና "ይሄ ይሰማዎታል?" አላት። አልሰማትም። "እንዴት ነው የማይሰማ እግር የሚያቃጥለው?" አለ፤ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ። ለርዳታ የመጣች ነው የመሰለችው። ዲክሎፌናክ መርፌ ተወጋች፣ ፓራሲታሞል ተጻፈላት፣ ተመለስን። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከሰፈር ፋርማሲ ዲክሎፌናክ ኪኒን እየገዛች ስትውጥ ኖረች። እግሯን አልነካውም። ጨጓራዋን ግን ጨረሰው።

ልጁ ላይ አልፈርድም። ሥጋ ደዌ ከቲቢ ፕሮግራም ጋር ተጣምሮ በየጤና ጣቢያው እንዲታይ መደረጉ በጎ ነገር ነው። ሰው ከወሎ ወይም ከባሌ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት የለበትም፤ ለብቻ ታጉሮ መኖርም አበቃ። ያመጣው ጣጣ ግን አለ። ታካሚው በየቦታው ተበተነ። አንድ ወጣት ባለሙያ ዓመት ሙሉ አንድ የሥጋ ደዌ ታካሚ ላያይ ይችላል። እጁ የወፈረ ነርቭ ዳስሶ አያውቅም። የሚያውቀው ፈተና ላይ የመለሰውን ነው። ፈተናው ላይ ደግሞ "ድንዛዜ" የሚለው ነው ትክክለኛው መልስ።

የታካሚ አቆጣጠሩም ችግር አለበት። በዓለም ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ብቻ ከ180 ሺህ በላይ አዳዲስ ታካሚዎች ተመዝግበዋል። ሕንድ፣ ብራዚልና ኢንዶኔዢያ ይመራሉ፤ እኛም በየዓመቱ በሺዎች እንጨምራለን። ሪፖርቱ የሚቆጥረው አዲሱን ታካሚ ነው። አንድ ሰው የስድስት ወር ወይም የዓመት መድኃኒቱን ሲጨርስ ከመዝገብ ይወጣል። ስታትስቲክስ ላይ የለም። አክስቴ ከመዝገብ ከወጣች ከእኔ ዕድሜ በላይ ሆኗል። ሦስቱ መድኃኒቶች ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በመላው ዓለም በነፃ ይታደላሉ። ያ ፓኬት ውስጥ ግን የነርቭ ሕመም ማስታገሻ የለበትም።

የተሻለው ቀን የመጣው ለሌላ ጉዳይ ሄዳ ነው። ለጫማ። ውስጡ ለስላሳ ስፖንጅ ያለው ጫማዋ ስላረጀ ሌላ ሊሠራላት፣ መጀመሪያ እጅና እግሯ ይለካ ተባለ። ፊዚዮቴራፒስቱ ገና ወጣት ነው። እጇን ትራስ ላይ አሳረፈላት። መጀመሪያ ዓይኗን እንደገለጠች አንድ ሁለቴ ነክቶ አሳያት። ከዚያ "አሁን ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ የነካሁበትን በሌላ ጣትዎ ያሳዩኝ" አላት። በተራ እስክሪብቶ ነው። ጫፉ ቆዳውን ስርጉድ እስኪያደርገው ብቻ፣ ሳይጫን። መዳፍ ላይ የተወሰኑ ነጥቦች አሉ፤ እነሱን በተራ ሳይሆን ወዲያ ወዲህ እያለ ይነካል። የእጅ ሥዕል ያለበት ወረቀት ላይ የተሰማትን ያሰምርበታል። በትንሿ ጣት በኩል ምንም የለም። በአውራ ጣት በኩል አለ።

በመሐል እጁን አንሥቶ ወረቀቱ ላይ ሲጽፍ፣ አክስቴ ዓይኗን እንደጨፈነች ትንሿ ጣቷን አመለከተች። "እዚህ" አለች።

"አልነካሁዎትም እማማ።"

"አንተ ነካኸኝ መች ወጣኝ? እሱ ራሱ ነው።"

ልጁ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። "እሱ ራሱ ሲሉ?"

ከዚያ በኋላ የጠየቃት ጥያቄ ሁሉ ከአእምሮዬ አይጠፋም። ያቃጥላል ወይስ ይቀዘቅዛል? እንደ ኮረንቲ ይነዝራል? ይወጋጋል? ጉንዳን የሚሄድበት ይመስላል? ያሳክካል? ልብስ ሲነካው ይብሳል? አክስቴ በየጥያቄው ፊቷ ይለወጥ ነበር። "ማን ነገረህ?" አለችው። ማንም አልነገረውም። ዲኤን 4 የሚባል፣ ፈረንሳዮች ያዘጋጁት አጭር መጠይቅ አለ። ሰባት ጥያቄና ሦስት የመንካት ምርመራ፤ በጥቅሉ ዐሥር ነጥብ። አራትና ከዚያ በላይ ከመጣ ሕመሙ ከነርቭ የመነጨ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። ወረቀት፣ እስክሪብቶ፣ ወጋ የምታደርግ መርፌና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። አክስቴ አራትን በሰፊው አልፋለች።

ነገሩ አዲስ አይደለም። አለርት ውስጥ ሕክምናቸውን ጨርሰው በነበሩ ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት በ2012 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከተጠየቁት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሕመም ነበራቸው። ከፊሉ ከቁስልና ከመገጣጠሚያ የሚመጣ ነው፤ ከፊሉ ግን ከነርቩ ከራሱ። ሰው ሲጠይቃቸው ነው እንግዲህ የተናገሩት።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልበል፤ ይህን የሚያነብ ዘመድ ወይም ጤና ሠራተኛ ካለ። ሁሉም የነርቭ ሕመም የአክስቴ ዓይነት አይደለም። ሌላም አለ፤ እሱ ጊዜ አይሰጥም። ትናንት ያልነበረ ሕመም ክርን ወይም ቁርጭምጭሚት ላይ ከመጣ፣ ነርቩ ሲነካ ካመመ፣ ጣት መዘርጋት ካቃተ፣ እግር መጎተት ከጀመረ፣ ዓይን አልከደን ካለ፣ ያ ጠባሳ አይደለም። ነርቩ አሁን እየተቃጠለ ነው። ሕክምናው ፕሬድኒሶሎን የሚባል የነርቩን እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ነው፤ መጠኑ ከፍ ብሎ ተጀምሮ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ የሚቀነስ። ቶሎ ከደረሰ እጁ ይተርፋል። ከተጎዳ ከስድስት ወር በላይ የሆነው ነርቭ የመመለስ ተስፋው በጣም ይቀንሳል። ይህ ነገር መድኃኒት እየተወሰደ እያለም፣ ከተጨረሰ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። "ድነሻል እኮ" ተብሎ የሚመለስ ሰው እጁን ይዞ ተመልሶ፣ ያለ እጁ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው። ጭራሽ ሳያምም ነርቩ ቀስ እያለ የሚሞትበትም አለ፤ የእስክሪብቶው ምርመራ በየጊዜው የሚደረገው ለዚህ ነው።

የአክስቴ ግን የቆየ ነው። ፕሬድኒሶሎን አይረባትም፤ እንዲያውም አጥንቷንና የደሟን ስኳር ያበላሸዋል። ሐኪሙ ጋ ተላከችና አሚትሪፕቲሊን ተጻፈላት። ትንሽ መጠን፣ ማታ ማታ። ጋባፔንቲንም ለእንዲህ ዓይነቱ ሕመም ይሰጣል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። አሚትሪፕቲሊን አሮጌና ርካሽ መድኃኒት ነው። መጀመሪያ የመጣው ለድብርት ነበር። ታሪኩ እዚህ ላይ ሊበላሽ ነበር።

ፋርማሲስቷ ወረቀቱን አየችና፣ ድምፅዋንም ሳትቀንስ፣ "ይሄ የአእምሮ መድኃኒት ነው፤ ለማን ነው?" አለች። ሰልፉ ሁሉ ዞረ። አክስቴ ነጠላዋን አጣፋች። ቤት ስንደርስ ኪኒኑን ቡፌው ላይ ወርውራ "ያኛው ስም ሲለቀኝ ደሞ እብድ ሊያስብለኝ ነው?" አለች። እውነቷን ነው። አንድ ስም አራግፋ ሳትጨርስ ሌላ ሊለጠፍባት። መድኃኒቱ በትንሽ መጠን የነርቩን ብልጭታ እንደሚያበርድ፣ ለድብርት የሚሰጠው ግን ብዙ እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ምሽት ፈጀብኝ። ያሳመናት የእኔ ማብራሪያ አልነበረም። ጎረቤታችን፣ ስኳር ያለባቸው እማማ፣ ያንኑ ኪኒን ለእግራቸው ከዓመት በላይ እንደሚወስዱ ሲነግሯት ነው። የስኳር መድኃኒት ከሆነ ክብር አለው።

ወዲያው አልሠራም። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ዲክሎፌናክ ለለመደ ሰው፣ ውጦ መጠበቅ ሞኝነት ይመስለዋል። አዛውንት ደግሞ ሌሊት ሲነሡ ሊያዞራቸው ይችላል። የልብ ምት ችግር ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ ላለበት ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስለዚህ "አክስቷ ወሰደችው" ብላችሁ ከፋርማሲ እንዳትገዙ፤ ሐኪም ይየው።

ድንዛዜው እንዳለ ነው። እሱን የሚመልስ መድኃኒት የለም። ጠዋት ጠዋት አሁንም ሳፋ ውስጥ እግሯን ትዘፈዝፋለች፤ የደደረውን ቆዳ በድንጋይ ትፈገፍጋለች፤ እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ትቀባለች። ሰፈሩ ውስጥ ተሰባስበው እርስ በርስ እግር የሚተያዩ ቡድኖች አሉ፤ አንዷ የሌላዋን ተረከዝ ገልብጣ ታያለች። የማይሰማን እግር ዓይን ነው የሚጠብቀው። ከጫማው ጋር የማውቀው ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ፤ ቃጠሎው ሲነሣባት ጫማውን ታወልቃለች። ያንን የማይሰማ እግር ባዶውን ትሄድበታለች። ቁስል የሚጀምረው እንደዚያ ነው። "ጫማ አድርጉ" እያለ የሚቆጣ ባለሙያ፣ ለምን እንደሚያወልቁት ጠይቆ ቢሆን ኖሮ ቁስሉንም ይቀንስ ነበር እላለሁ። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ግን ብዙ እግር አይቻለሁ።

አክስቴ አሁን ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትተኛለች። ቃጠሎው አልጠፋም፤ ስትጠየቅ "አለ፤ ግን ራቅ ብሎ ነው" ትላለች። የምታማርረው ሌላ ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍ ያደርቃል። ቆሎ አላላምጥ ብሏታል፤ ያለ ቆሎ ደግሞ ቡና ቡና አይሆንላትም። ኪኒኑን ከመኝታ ሰዓት ትንሽ ቀደም አድርጋ እንድትወስድ፣ ውኃም አጠገቧ እንድታደርግ ተነግሯታል። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ከፋሲካ በኋላ ነው። ለሐኪሙ ስለ ቆሎው እንደምትከሰው ከአሁኑ አስታውቃለች።